ለስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕራይቬት ብድር እንዴት ይወሰዳል? ከሰነድ ዝግጅት እስከ ክፍያ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆችና ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መምጣት ሲጀምር በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ትልኩልኛላችሁ። «ልጃችን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የመንግሥቱ እርዳታ አልበቃም። ቀሪውን ከባንክ ብንበደርስ?» ይቻላል፤ ፕራይቬት ብድር የሚባለው ይህ ነው። ግን ቅደም ተከተል አለው። ተራውን የሳተ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ያላግባብ ይከፍላል፤ አንዳንዴም የዘመዱን ክሬዲት ይዞ ይወድቃል። መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። ደረጃ ሳትዘሉ ሥሩት።

የሚያስፈልጋችሁ

- የተማሪውና የወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር። ወላጅ ቁጥሩ ባይኖረውም ለፋፍሳ (ለፌዴራል እርዳታ መጠየቂያው ፎርም) አካውንት መክፈት ይችላል።
- የተማሪው ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም አይ-94።
- የወላጅ ታክስና ደብሊው-2። ፋፍሳ የሚያየው የዛሬውን ሳይሆን የቀደመውን ገቢ ነው፤ ለ2026-27 የትምህርት ዘመን የሚጠየቀው የ2024 ታክስ ነው።
- ዩኒቨርሲቲው የላከው የእርዳታ ደብዳቤ።
- ብድሩ ላይ አብሮ የሚፈርመው ሰው የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ወይም የሞርጌጅ መጠን።
- የተማሪውና የፈራሚው ክሬዲት ሪፖርት። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የኢኩፋክስ፣ የኤክስፔሪያንና የትራንስዩኒየን ሪፖርት በነፃ ይገኛል።
- ሁሉን የምትመዘግቡበት ደብተር ወይም ኤክሴል። የብድሩ ዕድሜ ከ10 ዓመት ሊበልጥ ስለሚችል በቃል አይያዝም።

1. ፋፍሳን ሙሉ

የፌዴራል እርዳታ መጠየቂያው ፋፍሳ ነው። የሚሞላው ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ሲሆን ነፃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 አካባቢ ይከፈታል። ስቴቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው፤ ገንዘቡ ውስን ስለሆነም የዘገየ ሰው መብት እያለው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

«እኛ ደህና ገቢ አለን፣ ምን ይሰጡናል» ብላችሁ አትተዉት። ያለ ፋፍሳ ፔል ግራንት ብቻ ሳይሆን የፌዴራል ብድርም የለም። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር።

ዜጎች፣ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የመጡ ግሪን ካርድ ያዢዎች፣ በስደተኝነት (ሪፊዩጂ ሆነው) የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው መሙላት ይችላሉ። በተማሪ ቪዛ፣ በቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ያላችሁ ወይም የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና የሚታይ ከሆነ የፌዴራል እርዳታ አታገኙም። እናንተ ወደ ደረጃ 3 እለፉ። አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው እርዳታ ስላላቸው እዚያ መጠየቅ አለባችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የፋፍሳ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል እንደ ፊርማችሁ ነው። ለታክስ ሠሪም፣ «እኔ እሞላላችኋለሁ» ላለ ወዳጅም አትስጡ። ኢሜይሉና ስልኩም የራሳችሁ ይሁን። በሰው ኢሜይል የተከፈተ አካውንት በሁለተኛው ዓመት አልከፈት ብሎ ስንቱን ሰው አስለቅሷል።

2. የፌዴራሉን ብድር ጨርሱ

በቤተሰብ ሥር ያለ ተማሪ በስሙ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው እስከ 6,500፣ በሦስተኛውና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እስከ 7,500 ዶላር መበደር ይችላል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ጠቅላላ ጣሪያው 31,000 ነው። ክሬዲት አይታይም፤ አብሮ ፈራሚም አይጠየቅም። በ2025-26 ወለዱ 6.39 በመቶ ነበር፤ አንዴ ከተወሰደ አይቀየርም።

ይህ ከፕራይቬት ብድር የሚቀድምበት ምክንያት ወለዱ ብቻ አይደለም። ሰብሲዳይዝድ በሚባለው ክፍል ላይ፣ ተማሪው እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት ይከፍላል። ኋላ ሥራ ቢጠፋ በገቢ ልክ መክፈል ይቻላል። ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት እየሠራ 120 ክፍያ የከፈለ ሰው ቀሪው ሊሰረዝለት ይችላል። ተማሪው ቢሞት ዕዳው ይሰረዛል። ፕራይቬት አበዳሪ እነዚህን እንዲሰጥ ግዴታ የለበትም። ያለው ውላችሁ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

ፓረንት ፕላስ የሚባል የወላጅ ብድርም አለ። በ2025-26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነበር፤ በዚያ ላይ ከ4 በመቶ በላይ ክፍያ ከላዩ ይቆረጣል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ተማሪ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተጥሎበታል፤ ቀድመው ለጀመሩ የመሸጋገሪያ ጊዜ አለ። ጎበዝ ክሬዲት ያለው ቤተሰብ ከዚህ ያነሰ ወለድ በፕራይቬት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ እዩ። አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር፦ ወላጅ ለፕላስ አመልክቶ በክሬዲት ምክንያት ቢከለከል፣ ተማሪው በራሱ ስም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 4,000፣ ከዚያ በኋላ 5,000 ዶላር ተጨማሪ የፌዴራል ብድር ያገኛል። መከልከሉ በር ይከፍታል ማለት ነው።

3. የዩኒቨርሲቲውን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ አናግሩ

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ተማሪው እንደ ስቴቱ ነዋሪ መመዝገቡን። የነዋሪና የውጭ ክፍያ ልዩነት ሰፊ ነው፤ አብዛኞቹ ስቴቶች ደግሞ 12 ወር መኖርን ይጠይቃሉ። በቅርብ የመጣችሁ ወይም ስቴት የቀየራችሁ ከሆነ፣ ቀኑ እስኪሞላ አንድ ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መማር ከየትኛውም ብድር የሚሻልበት ጊዜ አለ። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለምሳሌ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመግቢያ ስምምነት አላቸው፤ የተጠየቀውን ነጥብ ያሟላ ተማሪ ቦታው ይጠበቅለታል። የዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ ሌላ ስቴት ላለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የክፍያውን ልዩነት በከፊል የሚሸፍነውን ዲሲ ታግ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ገቢያችሁ ቀንሶ ከሆነ እርዳታው እንደገና እንዲታይላችሁ። ፋፍሳ የሚያየው የድሮውን ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከጠፋ፣ ሕመም ካለ፣ ትዳር ከፈረሰ ቢሮው በማስረጃ ማስተካከል ይችላል። ደብዳቤ ጻፉ፤ ማስረጃ አያይዙ። ብዙ ቤተሰብ ይህን «ልመና» አድርጎ ስለሚያየው ያፍራል። ማፈር አያስፈልግም፤ በደንቡ የተሰጠ መብት ነው።

4. የጎደለውን በትክክል አስሉ

ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ የሚበደረው እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚጽፈው የዓመት ጠቅላላ ወጪ እና የሚልክላችሁ ቢል አንድ አይደሉም። በጠቅላላ ወጪው ውስጥ ትራንስፖርት፣ መጽሐፍ፣ የግል ወጪ ሁሉ አለ። አበዳሪው ደግሞ እስከዚያ ጠቅላላ ድረስ ሊያበድራችሁ ፈቃደኛ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ጠቅላላ ወጪው 27,000 ዶላር ተባለ እንበል፤ ትምህርቱ 12,500፣ ዶርምና ምግብ 10,500፣ ሌላው 4,000። ግራንት 6,000፣ የፌዴራል ብድር 5,500 ተገኘ። አበዳሪው «15,500 ይጎድላችኋል» ይላል። ዩኒቨርሲቲው ግን የሚያስከፍለው ትምህርቱንና ዶርሙን ብቻ ነው፤ 23,000። ከዚያ 11,500 ሲቀነስ የቢሉ ቀሪ 11,500 ነው። ተማሪው ከቤት እየተመላለሰ ቢማርስ? ቢሉ 12,500፣ እርዳታው 11,500፤ የሚጎድለው 1,000 ዶላር። ይህ ብድር አይፈልግም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በወር በወር የሚከፈል ወለድ አልባ ዕቅድ አላቸው፤ የመመዝገቢያ ጥቂት ዶላር ብቻ ይጠይቃሉ።

ከቤት መመላለስ ለሁሉም አይሆንም። እርዳታውም ዶርም ካልገባችሁ ይቀነስ እንደሆነ ቢሮውን ጠይቁ። ግን ሒሳቡን በሁለቱም መንገድ ሳትሠሩ አትፈርሙ። ደግሞ በአራት አባዙት። የአንደኛ ዓመት ብድር ብቻውን አይመጣም።

5. አብሮ የሚፈርመውን ሰው በግልጽ አነጋግሩ

አዲስ ተማሪ ክሬዲት ስለሌለው አበዳሪዎች ባብዛኛው ኮሳይነር (አብሮ ፈራሚ) ይጠይቃሉ። ጥሩ ክሬዲትና ቋሚ ገቢ ያለው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ይፈለጋል። በተማሪ ቪዛ ላላችሁም እንደዚሁ ነው፤ ያለ ኮሳይነር የሚያበድሩ አሉ፣ ወለዳቸው ግን ከፍ ይላል።

በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ፊርማ በይሉኝታ ይፈረማል። አክስት «ለልጁ ትምህርት አይደል» ትላለች፣ የክርስትና አባት እምቢ ማለት ያቅተዋል። የሚፈርሙት የመሰከሩለት መስሏቸው ነው። ሕጉ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የዕዳው ባለቤት አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። ሙሉው ብድር በክሬዲት ሪፖርታቸው ላይ ይመዘገባል። ነገ ቤት ሊገዙ ሲሉ ባንኩ ያንን ዕዳ ይቆጥርባቸዋል። ተማሪው ክፍያ ካሳለፈ የእነሱም የክሬዲት ስኮር ይወርዳል፤ አበዳሪውም ቀጥታ እነሱን መጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ቁጭ በሉና ሦስት ነገር ተነጋገሩ፤ ወሩ ስንት ነው፣ ተማሪው ባይችል ማን ይከፍላል፣ ፈራሚው መቼ ይወጣል። ፈራሚውም የራሱ መግቢያ ኖሮት ሒሳቡን በየወሩ ማየት አለበት። ከኮሳይነርነት መውጣት የሚፈቅዱ አበዳሪዎች አሉ፤ የሚጠይቁት በሰዓቱ የተከፈለ ተከታታይ ክፍያና የተማሪውን የራሱን ገቢ ነው። ስንት ወር እንደሚጠይቁ ይለያያልና በጽሑፍ አረጋግጡ። ከኖቬምበር 2018 ወዲህ በተወሰደ ብድር ላይ ተማሪው ቢሞት ኮሳይነሩ በሕግ ነፃ ይሆናል፤ ኮሳይነሩ ቢሞትም አበዳሪው በዚያ ምክንያት ብቻ ሙሉውን አሁን ክፈሉ ማለት አይችልም።

6. ቢያንስ አራት ቦታ ዋጋ ጠይቁ

እንደ ሳሊ ሜይ፣ ኮሌጅ አቭ፣ ሶፋይና ሲቲዝንስ ያሉ አበዳሪዎች አሉ። ክሬዲት ዩኒየን አባል ከሆናችሁ እዚያም ጠይቁ። ሳሊ ሜይ የመንግሥት የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ፤ የግል ድርጅት ነው።

መጀመሪያ ስኮር የማይነካውን የቅድሚያ ማጣሪያ ተጠቀሙ። ሙሉ ማመልከቻ ስታስገቡ ግን ሁሉንም በሁለት ሳምንት ውስጥ አጠናቁ። የስኮር አሰላሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ የተደረጉ የተማሪ ብድር ጥያቄዎችን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ በወራት ከተራራቁ ግን እያንዳንዱ ይቀንስባችኋል።

ስታወዳድሩ የምታዩት ኤፒአር የሚባለውን ነው፤ ከወለዱ ጋር ክፍያዎቹንም ስለሚጨምር። በማስታወቂያ ላይ «ከዚህ ጀምሮ» የሚለውን ቁጥር አትመኑ። ያ ዋጋ እጅግ ጥሩ ክሬዲት ላለው፣ ከመጀመሪያው ወር ለሚከፍልና አውቶፔይ (ክፍያው ከባንክ ሒሳብ በራሱ እንዲቆረጥ) ለሚያስገባ ነው። ቋሚና ተለዋዋጭ ወለድም አለ። ተለዋዋጩ መጀመሪያ ላይ ሊያንስ ይችላል፤ ገበያው ሲወጣ አብሮ ይወጣል። አራት ዓመት ተምሮ፣ ከዚያም አሥር ዓመት ለሚከፍል ሰው እኔ ቋሚውን እመክራለሁ።

7. እየተማሩ መክፈልን ምረጡ

አበዳሪው ባብዛኛው ምርጫ ይሰጣችኋል፦ ከአሁኑ ሙሉውን መክፈል፣ ወለዱን ብቻ መክፈል፣ በወር ትንሽ የተወሰነ ገንዘብ መክፈል፣ ወይም እስኪመረቁ ምንም አለመክፈል። አብዛኛው ሰው የመጨረሻውን ይመርጣል። ልዩነቱን እዩት።

10,000 ዶላር በ10 በመቶ ቋሚ ወለድ ተወሰደ። አራት ዓመት ትምህርት፣ ከምረቃ በኋላ ስድስት ወር ፋታ። ምንም ሳትከፍሉ ብትቆዩ 4,500 ዶላር ወለድ ይጠራቀምና ከዋናው ጋር ይደመራል። ዕዳው 14,500 ሆነ። ከዚህ በኋላ ወለድ በወለዱም ላይ ይወልዳል። በ10 ዓመት ሲከፈል በወር 192 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ 23,000 ያህል ይሆናል።

ወለዱን ብቻ እየከፈላችሁ ብትቆዩስ? በወር 83 ዶላር ከ33 ሳንቲም። ስትመረቁ ዕዳው ያው 10,000 ነው። ከዚያ በወር 132 ገደማ። በትምህርት ጊዜ የከፈላችሁትን 4,500 ጨምሮ ድምሩ 20,360 ያህል። ከአንዱ ዓመት ብድር ብቻ ከ2,600 ዶላር በላይ ተረፈ። 83 ዶላር ተማሪው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ የሚያገኛት ናት። ያ ካልተቻለ በወር 25 ዶላርም ከባዶ ይሻላል።

8. አመልክቱ፣ አንብቡ፣ ፈርሙ

ፎል ሴሚስተር ለሚጀምር ተማሪ ጁን ላይ ጀምሩ። ክሬዲት ካለፈ በኋላ አበዳሪው መጠኑን ዩኒቨርሲቲው እንዲያረጋግጥ ይልካል፤ ይህ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቢሉ ኦገስት ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ካልመጣ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ወይም ከምዝገባ መሰረዝ ሊከተል ይችላል።

ተማሪው አንድ የማረጋገጫ ፎርም ይፈርማል። ጠቅላላ ወጪ፣ የተገኘ እርዳታና የጎደለው እዚያ ይጻፋሉ። በደረጃ 4 ካሰላችሁት ጋር አስተያዩትና መጠኑን ወደ ራሳችሁ ቁጥር ዝቅ አድርጉ። የተፈቀደላችሁን ሁሉ የመውሰድ ግዴታ የለባችሁም።

ሕጉ ጊዜ ሰጥቷችኋል። ብድሩ ሲጸድቅ ውሉን ለመቀበል 30 ቀን አላችሁ፤ በዚያ ጊዜ አበዳሪው ያቀረበውን ውል መለወጥ አይችልም፣ ተለዋዋጭ ወለድ ከገበያው ወለድ ጋር መንቀሳቀሱ ካልሆነ በቀር። ከተቀበላችሁና የመጨረሻው መግለጫ ከደረሳችሁ በኋላም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። ገንዘቡ ከዚያ በፊት አይለቀቅም። ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው «ዛሬውኑ ፈርሙ» ካላችሁ ስልኩን ዝጉ።

9. ገንዘቡ ሲደርስ

ገንዘቡ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳል፤ ባብዛኛው ለሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ። ከቢሉ የተረፈ ካለ ወደ ተማሪው ይመለሳል። ይህ ትርፍ ስጦታ አይደለም። ስልክ ለመቀየርም፣ አገር ቤት ለመላክም አይደለም፤ ወለዱ እየቆጠረ ያለ ብድር ነው። መጽሐፍ ከገዛችሁ በኋላ የቀረውን ለአበዳሪው መልሱ። የተማሪ ፕራይቬት ብድርን ቀድሞ በመክፈል ቅጣት ማስከፈል በሕግ ክልክል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ፋፍሳ በየዓመቱ ይሞላል፤ ለአዲስ ብድርም አበዳሪዎችን እንደገና ማወዳደር ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ርካሽ የነበረው ዘንድሮ ላይሆን ይችላል።

10. ክፍያ

አውቶፔይ አስገቡ፤ ብዙዎቹ ሩብ በመቶ ይቀንሳሉ። ተጨማሪ ስትከፍሉ ወለዱ ከፍ ያለው ብድር ዋና ገንዘብ ላይ እንዲውል በጽሑፍ ንገሩ። ዝም ካላችሁ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ሊያውሉት ይችላሉ። በታክስ ጊዜ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የከፈላችሁትን የተማሪ ብድር ወለድ ከገቢ ማስቀነስ ይቻላል፤ የገቢ ገደብ አለው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የፌዴራሉን ብድር በፕራይቬት ሪፋይናንስ ማድረግ፣ ማለትም በአዲስ የፕራይቬት ብድር ከፍሎ መተካት። ወለዱ ትንሽ ስለቀነሰ ብቻ በደረጃ 2 የዘረዘርኩትን መብት ሁሉ ትሰጣላችሁ፤ መመለሻ የለውም። ሪፋይናንስ ካሰባችሁ የፕራይቬቱን ብቻ ለይታችሁ አድርጉ።

አድራሻ ቀይሮ አለማሳወቅ። ከምረቃ በኋላ ሰው ቤት ይቀይራል፣ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይዘጋል፤ የመጀመሪያው ቢል ድሮ አድራሻ ሄዶ ይቀራል። ፈራሚዋ አክስት የምትሰማው ክሬዲቷ ከወረደ በኋላ ነው።

«ትምህርቱን ካቋረጥኩ ብድሩም ይቆማል» ብሎ ማሰብ። አይቆምም። እንዲያውም የስድስት ወሩ ፋታ የሚቆጥረው ካቋረጣችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። በባንክራፕሲ ማሰረዝም እጅግ ከባድ ነው፤ ፍርድ ቤት ልዩ ችግር እንዲረጋገጥ ይጠይቃል።

መክፈል ካቃታችሁ

ቀኑ ሳያልፍ ደውሉ። አበዳሪዎች ለተወሰነ ወር ክፍያ ማቆም ወይም መቀነስ ይችላሉ፤ ካለፈ በኋላ ግን ምርጫው ይጠባል። በሚቆምበት ጊዜ ወለዱ እንደሚቆጥር አትርሱ፤ ወለዱ መቼ ከዋናው ጋር እንደሚደመርም ጠይቁ። ያናገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባላችሁትን ጻፉ፤ ስምምነቱን በኢሜይል ላኩልኝ በሉ። ለፈራሚውም በዚያው ቀን ንገሩ። አበዳሪው ካልሰማችሁ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በርካታ ስቴቶች የተማሪ ብድር እንባ ጠባቂ አላቸው። አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለውም፤ ውሉን፣ የክፍያ ታሪኩንና የጻፋችሁትን ማስታወሻ ይዛችሁ ቅረቡ።